ግጥም የሚታረምበት ቤት

ግጥም ጽፎ ለወዳጁ ያነበበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «በጣም ቆንጆ ነው» ይባላል፣ ወይ ዝም ይባላል። ሁለቱም ገጣሚውን አያሳድጉትም። የትኛው ቃል እንዳነከሰበት፣ የትኛው ሐሳብ ከየትኛው ጋር እንደተጣላበት፣ ምን ቢወጣ ምን ቢገባ እንደሚሻል ሳያፍር የሚነግረው ጆሮ ያስፈልገዋል። ይህን ጆሮ ሥራዬ ብሎ ያደራጀ፣ ገጣሚን በየቀኑ እያስገጠመ በየቀኑ የሚያርም ተቋም በአገራችን ለዘመናት ኖሯል፤ ዛሬም አለ። ቅኔ ቤት ይባላል። ብዙዎቻችን ስሙን እናውቀዋለን፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ቀረብ ብለን ያየን ጥቂቶች ነን።

ቅኔ ቤት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ውስጥ ከንባብ ቤትና ከዜማ ቤት ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ልጁ በንባብ ቤት ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፤ በዜማ ቤት ጾመ ድጓውንና ድጓውን ያጠናል። እስከዚህ ድረስ ሥራው የአባቶችን ቃል ሳያጓድል መያዝ ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የያዘውን መልሶ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ትላንት ያልነበረ፣ ከራሱ አእምሮ የፈለቀ ቃል ይዞ መምጣት አለበት። በአብነት ትምህርት ውስጥ ተማሪው «የራስህን አምጣ» የሚባልበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። ያመጣውም ነገር በዚያው ቀን፣ በሰው ፊት፣ ተፈትሾ ይታረማል።

ሊቃውንቱ የቅኔን መነሻ እስከ ቅዱስ ያሬድ ያደርሱታል። ለትምህርቱ ሥርዓት ግን በትውፊት ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነበሩ የሚባሉት ዮሐንስ ገብላዊና ተዋነይ ናቸው። በኋላ ትምህርቱ በየአካባቢው እየተስፋፋ ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት ቤቶች ወጡ። እያንዳንዱ ቤት የአገባብ ትምህርቱም፣ የሚወደው የቅኔ መንገድም በመጠኑ ይለያል። አዋቂ ሰው አንድ ቅኔ ሰምቶ «ይህ የዋሸራ ተማሪ ነው» ሊል ይችላል። ጎበዝ ተማሪም አንዱን ቤት ጨርሶ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በአንድ ጆሮ ብቻ መታረም አይበቃውም።

የቅኔ ቋንቋ ግዕዝ ነው። ዛሬ ግዕዝን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው የለም፤ ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ ቋንቋውን ከሥሩ ማወቅ አለበት። ከቀተለና ከቀደሰ ጀምሮ ግስ ይወርዳል፣ ርባታውን ያረባል፣ አገባቡን ያጠናል። ይህ አሰልቺ የሚመስል ሥራ የኋለኛው እርማት መሠረት ነው። ስሕተቱን የሚያርመው ሰው «አልወደድሁትም» ብሎ አያልፍም፤ የትኛው ሕግ እንደተጣሰ ይናገራል፤ ተማሪውም ሕጉን ስለሚያውቅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ ግጥም ይዘን ስንገናኝ ብዙ ጊዜ የሚጎድለን ይህ ሁለታችንም የምናውቀው የጋራ ሕግ ይመስለኛል። የጋራ ሕግ በሌለበት አስተያየት ሁሉ የግል ጣዕም ይሆንና ክርክሩ ስለ ግጥሙ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰውየው ይሆናል።

የዕለቱ ሥራ ቆጠራ ይባላል። ተማሪው ከጎጆው ወጥቶ ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ዳር ብቻውን ይቀመጣል። ብዙዎቹ ዓይናቸው እንዳይባክን ይከናነባሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ የለም፤ ቃሉ የሚመረጠውም፣ ልኩ የሚለካውም፣ ቤቱ የሚመታውም በአእምሮ ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ እየበረታ ሲሄድ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ አምስት ቤት ወዳለው ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ወዳለው ሥላሴ እያለ ያድጋል። ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አሳምሮ የቆጠረ ተማሪ በጓደኞቹ ዘንድ ይከበራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግማሽ ሆድ ይዞ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አቁማዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመናትን ቁራሽ በልቶ ነው የሚገጥመው።

ቆጠራው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ነገራ ነው፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝም እሱ ነው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይናገራል። ተማሪው ብዙ በሆነበት ጉባኤ ከፍ ያሉት ተማሪዎች አስነጋሪ ሆነው የጀማሪዎቹን ቅኔ እየተቀበሉ ያርማሉ፤ የእነሱን ደግሞ የኔታ ያርሙታል። ስለዚህ ማረም ከመምህሩ ወንበር ጋር ብቻ የተያያዘ ሥልጣን አይደለም፤ ተማሪው ሲያድግ አብሮት የሚያድግ ሌላ ሙያ ነው። ትላንት የታረመው ዛሬ ያርማል፤ ሌላውን ሲያርም ደግሞ የራሱን ስሕተት በሰው አፍ ይሰማዋል። ዙሪያውን የተቀመጡትም ያዳምጣሉ። አንዱ የሳተው ለሁሉም ትምህርት ይሆናል።

መምህሩ ምን ይሰማሉ? ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ። የቤቱ ልክ ደረሰ ወይ? የመጨረሻው ቀለም ቤት መታ ወይ? ተባዕቱ ከአንስቱ፣ አንዱ ከብዙው ተስማማ ወይ? ከአገባብ የወጣ ነገር ካለ «ጸያፍ ነው» ይባላል። ንባቡም ይሰማል። ግዕዝ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ የሚባሉ የንባብ መንገዶች አሉት፤ ተነሽ መሆን ያለበትን በወዳቂ የነበበ ተማሪ የቃሉን ሙያና ትርጉም ሊለውጠው ይችላል። እንዲህ ያለው ስሕተት በብራና ላይ አይታይም፤ በጆሮ ብቻ ነው የሚያዘው። ቅኔ ቤት እርማቱን በቃል ያደረገበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አምናለሁ። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፤ ሰሙ፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚሰማው ምሳሌ፣ ከወርቁ፣ ማለትም ከውስጡ ምስጢር ጋር ገጠመ ወይ?

ይህን በግዕዝ ከማሳየት በአማርኛ ላሳይ። ለማሳያ ብዬ ራሴ ያበጀሁት ነው እንጂ የማንም ሊቅ ቅኔ አይደለም። አንድ ጀማሪ መምህሩን ሊያመሰግን ፈልጎ እንዲህ አለ እንበል፦

የኔታ ገበሬው እርሻ ልቤን አርሶ፣
መብራት ቃሉን ሰጠኝ ጨለማዬን ጥሶ።

ላይ ላዩን ለሚሰማው ምንም አይጎድለውም። ልኩ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ይሄዳል፤ «አርሶ» ከ«ጥሶ» ጋር ቤት መትቷል፤ ምስጋናውም ከልብ ነው። እኛ ብንሆን አጨብጭበን እንሸኘዋለን። አስነጋሪው ግን ያቆመዋል።

«ያረሰው ማነው?»

«የኔታ ናቸው።»

«በወርቁ የኔታ ናቸው። በሰሙስ?»

«ገበሬ።»

«ገበሬ አርሶ ሲያበቃ መብራት ይሰጣል?»

ልጁ ያን ጊዜ ያየዋል። በመጀመሪያው ቤት እርሻ ከፍቶ በሁለተኛው ቤት መብራት አበራ። ሰሙ መንገድ ላይ ተሰበረ። መብራትና ጨለማ ለትምህርት የሚመች ምሳሌ ነው፤ ችግሩ የዚህ እርሻ አለመሆኑ ነው። ሞፈርና ቀንበር የተያዘበት ቅኔ እስከ መጨረሻው እርሻው ውስጥ መቆየት አለበት። ገበሬ ካረሰ በኋላ የሚጠበቀው ዘር ነው። ስለዚህ ልጁ ተመልሶ ይቆጥርና እንዲህ ይላል፦

የኔታ ገበሬው እርሻ ልቤን አርሶ፣
ዘር ቃሉን በተነ እስኪበቅል ታግሶ።

አሁን ሰሙ ለብቻው ይቆማል፤ አንድ ገበሬ አርሶ፣ ዘርቶ፣ ቡቃያ ይጠብቃል። ወርቁም ለብቻው ይቆማል፤ አንድ መምህር የልጅን ልብ አለስልሶ፣ ቃል አስተምሮ፣ እስኪገባው ይታገሣል። «ዘር ቃሉን» ሲል ደግሞ በወንጌል ያለውን የዘሪውን ምሳሌ የሚያውቅ ሰው ሌላ ምስጢር ያገኛል። ልጁ በመጀመሪያው ቅኔ ያላሰበው «ታግሶ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? እርማቱ ወደ እርሻው መልሶ ስላስገባው ነው። እርሻ ውስጥ የቆየ ሰው ዝናብም፣ ወቅትም፣ መጠበቅም እንዳለ ያስታውሳል። እርማት ስሕተትን ከማስወገድ አልፎ አዲስ ሐሳብ እንደሚወልድ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አስነጋሪው ምትኩን ቃል ራሱ አልሰጠም፤ ጠይቆ ነው የመለሰው። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል አልልም። የኔታ ቅኔውን አቃንተው ራሳቸው የሚናገሩበት፣ ተማሪው የተቃናውን ተቀብሎ የሚይዝበት ጊዜም ብዙ ነው። ጀማሪው ጥሩ ቅኔ ምን እንደሚመስል ገና አያውቅምና መስማት አለበት። የበረታው ግን ሲጠየቅ ራሱ ያገኘዋል።

ሌላው ታላቅ ነገር ዘረፋው ነው። መምህሩ የሰውን ቅኔ ብቻ እየሰሙ አይውሉም፤ እሳቸውም በተማሪዎቻቸው ፊት አዲስ ቅኔ ይዘርፋሉ። ተማሪዎቹ እየቀጸሉ፣ የሰሙትን መልሰው እያሉ ይይዙታል፤ ከዚያ የኔታ ሰሙን ከወርቁ እየለዩ፣ አገባቡን እያፍታቱ ይነግሯቸዋል። የነገው ቆጠራ ብዙ ጊዜ የዚያን ቅኔ መንገድ ይከተላል። እንግዲህ አራሚው ራሱ በየጊዜው በሰው ፊት የሚገጥም ሰው ነው። ግጥም ሳይገጥም ግጥም የሚያርም ሰው የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፤ ጎበዝ አንባቢ ብዙ ጊዜ ገጣሚው ያላየውን ያያል። ሆኖም ቃል ሲጠፋ ምን እንደሚያስጨንቅ ሰውነቱ የሚያውቀው ሰው በሚሰጠው እርማት ውስጥ መተዛዘን አለ፤ ተማሪውም «እሱስ ይችላል ወይ?» ብሎ አይጠራጠርም፤ ጠዋት ሲዘርፍ ሰምቶታልና።

ቅኔ ቤት የሚሠራው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው፤ ስለዚህ ቅኔው ከጉባኤው ወጥቶ ወደ ማኅሌቱ ይደርሳል። በበዓል ባለ ቅኔው በሊቃውንቱ መካከል ይቆምና ቅኔውን ይዘርፋል፤ ከጎኑ የቆመው ተቀባይ ሰምቶ በዜማ ያደርሰዋል። መቀበል ራሱ ከባድ ሙያ ነው። አንድ ጊዜ የሰማውን አዲስ ግጥም ሳያዛባ ማለት የሚችለው ቅኔውን የተረዳ ሰው ብቻ ነው፤ ያልገባው ቃል ላይ ይሰናከላል። ምስጢሩ የመጣላቸው ሊቃውንት «ይበል! ይበል!» ይላሉ። አንድ ነገር ሲያስደንቀን «ይበል የሚያሰኝ» የምንለው ከዚህ ነው። ይህ ምስጋና ከጭብጨባ የሚለየው ቦታውን አውቆ መምጣቱ ነው፤ የሚሰማው ሰው የቱ ላይ ሰሙ እንደተከፈተለት በድምፁ ይታወቃል። ቅኔው የደከመ እንደሆነ ደግሞ አገልግሎቱ ሲያበቃ በደጀ ሰላም ይነሣል፤ «እዚህ ጋ ምን ልትል ነበር?» ይባላል።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ ለእኔ እርማትን ሁሉ የሚቻል ያደረገው እሱ ነው። ቅኔ ትኩስ መሆን አለበት። ለዛሬው በዓል የተቆጠረው ለከርሞው አይደገምም፤ የሌላ ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብም ነውር ነው። እጅግ ያማሩት በሊቃውንት ቃል እየተላለፉ ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹም በመጻሕፍት ተሰብስበው ታትመዋል። አብዛኛው ግን ተነግሮ ያልፋል። ነገ ሌላ እንደሚቆጥር የሚያውቅ ተማሪ በዛሬዋ ጉባኤ ቃና ላይ የሙጥኝ አይልም፤ ስትታረም ራሱ የተሰደበ አይመስለውም። እኛ ዘንድ አንድ ሰው በዓመት አምስት ግጥም ይጽፍና አምስቱንም እንደ ልጆቹ ይጠብቃቸዋል። አንዱ ሲነካበት ይቆጣል። ብዙ መግጠም ቆዳን አያደነድንም፤ ግጥምን ከራስ ለይቶ ማየት ግን ያስችላል።

ቅኔ ቤት እንከን የለበትም ማለት አይደለም። በሰው ፊት መታረም ዓይናፋሩን ሊሰብረው ይችላል። የመምህሩ ቁጣና የጓደኛ ሳቅ ትምህርቱን ያስጣላቸው ልጆች እንዳሉ የቀድሞ ተማሪዎች ያወራሉ። በሩም ለሴቶች ጠባብ ነበር። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ማንሣት ያለብን ለዚህ ነው፤ ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔን ተምረው፣ በጎጃም ጉባኤ ዘርግተው ለወንዶች ተማሪዎች አስተምረዋል። በቃል የሚሰጥ፣ በጆሮ የሚታረም ትምህርት ለእሳቸው እንዴት እንደተመቸ ሳስብ፣ ስንት ሌሎች ሴቶች በዚያ በር ሳይገቡ ቀሩ የሚለው ጥያቄም አብሮ ይመጣብኛል።

ከዚህ ቤት ወጥተው የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ያበለጸጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃም የቅኔ ተማሪ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም አድባራት በዚሁ ትምህርት አልፈዋል፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን የቅኔ ተማሪ ያደረጉት ሕይወቱን ከውስጥ ስለሚያውቁት ነው። የገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማ አባት አለቃ ለማ ኃይሉም የታወቁ ሊቅ ነበሩ። መንግሥቱ የአባቱን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብሎ በመጽሐፍ አሳትሞታል፤ አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ አብነት ትምህርት የጻፉትን መጽሐፍም ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። የቆሎ ተማሪን ኑሮ ማወቅ ለሚፈልግ እነዚህ ሁለቱ ዛሬም ዋና በሮች ናቸው።

ታዲያ ግዕዝ የማያውቅ፣ በአማርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚገጥም ወጣት ከዚህ ምን ሊወስድ ይችላል? አዲስ አበባ ውስጥ ግጥም የሚሰማበት መድረክ አለ፤ በራስ ሆቴል ለዓመታት በየወሩ ሲካሄድ የቆየው «ጦቢያ ግጥምን በጃዝ» አዳራሽ ሞልቶ ሰው ያስቆመ ነበር። መድረክ ግን የማኅሌቱ ወገን ነው፤ የተጠናቀቀ ሥራ የሚቀርብበት ነው። የሚያንሰን ከማኅሌቱ በፊት ያለው ነገራ ነው፤ አራት አምስት ሆኖ፣ ሻይ ቤትም ይሁን የአንዱ ቤት ሳሎን ተቀምጦ፣ ያላለቀ ግጥም ማቅረብ። በእንዲህ ያለ ስብስብ ከቅኔ ቤት ቢወሰድ ብዬ የምመኘው ይህ ነው። ግጥሙ መጀመሪያ በድምፅ ይነገር፤ ሰሚው ደግሞ ከመፍረዱ በፊት የሰማውን መልሶ ይበለው። የቀጸለ ሰው የቱ ላይ እንደተደናቀፈ ራሱ ያውቀዋል፤ ገጣሚውም ያያል። ከዚያ ጥያቄ ይምጣ፦ «ያረሰው ማነው?» እንደተባለው ያለ፣ ቃሉ ላይ የሚያርፍ ጥያቄ። ያረመ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ቀን የራሱን ይዞ ይምጣ። ተራ የማይደርሰው አራሚ አይኑር።

ቤቱን ራሱን ማየት ለሚፈልግ በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ስማቸው የታወቀ የትምህርት ቦታዎች ናቸው። ያን ያህል መሄድ ለማይችል ደግሞ ቅርቡ በዓል ይበቃዋል። ማኅሌቱ ወደሚቆምበት፣ ቅኔ ማኅሌት ወደሚባለው የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ጠጋ ብሎ መቆም ነው። ዝማሜው ጋብ ብሎ አንድ ሰው ያለ ወረቀት መናገር ሲጀምር፣ ሌላው ከጎኑ ተቀብሎ ሲያዜመው፣ ያ ቅኔ ነው። ግዕዙ ባይገባም «ይበል» የሚለው ድምፅ የቱ ላይ እንደመጣ ልብ ይሏል። አገልግሎቱ ሲያበቃ አጠገብ ያሉትን መሪጌታ «ያ ይበል የተባለለት ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አብዛኞቹ ሰሙን ከወርቁ ለይተው፣ ደስ እያላቸው ያስረዳሉ።